«ፍዌ» ሄደ ነው ወይስ ነበር?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ቫሌንሲያ ነው። አንዲት አሮጊት እናት ቤት ውስጥ እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ለስፔን ዜግነት የሚጠየቀውን የዴሌ ኤ2 ፈተና ለመውሰድ እየተዘጋጀሁ ነው፤ ግን አንዳንድ ግሦች አንድ ዓይነት ተጽፈው ሁለት ሁለት ትርጉም ይሰጡኛል። መጽሐፌ ላይ ‹ሴርቫንቴስ ፍዌ ሶልዳዶ› ይልና ዝቅ ብሎ ‹ፍዌ አ ኢታሊያ› ይላል። አንዱ ነበር ነው፣ አንዱ ሄደ። ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ደግሞ ‹ሜ ሲየንቶ› ያልኩት እቀመጣለሁ ይሁን ይሰማኛል ግራ ይገባኛል። ትናንት የአሮጊቷን ልጅ ስለ ደመወዜ በስልክ ጽፌ ብጠይቃት ‹አብላሞስ› ብላ ብቻ መለሰችልኝ። ተነጋግረናል ማለቷ ነው? እኛ እኮ ምንም አልተነጋገርንም። እንዴት ነው የምለየው?»

እህቴ፣ ስለ ደመወዝ የተጻፈ አንድ ቃል ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንደሚነሳ አውቃለሁና ከእሱ ልጀምር። ሴትየዋ «ተነጋግረናል፣ አበቃ» አላለችሽም። ቃሉ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ትርጉም አለው። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፣ ምን ብለሽ እንደምትመልሺላትም እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሥሩን እንያዘው፤ ሥሩ ከተያዘ ሦስቱም ጥያቄዎችሽ አንድ መሆናቸውን ታያለሽ።

የስፓኒሹን ቃል በእኛ ፊደል የምጽፈው እንደሚነበበው ነው። ስፔኖች «ቬ» የሚመስለንን ፊደል ልክ እንደ «ብ» ነው የሚያነቡት፤ «አቼ» የሚሏት ፊደል ደግሞ ብቻዋን ስትቆም ድምፅ የላትም። ስለዚህ እኔ «ቢኖ» ብል አንቺ መጽሐፍሽ ላይ በ«ቬ» ተጽፎ ታገኚዋለሽ። በዚህ የተነሳ በእኛ ፊደል አንድ የሚመስሉ፣ በእነሱ ግን በፊደል የሚለዩ ቃላት አሉ፤ «ቱቦ» አንዱ ነው፤ በ«ቬ» ሲጻፍ «ነበረው»፣ በ«ቤ» ሲጻፍ እኛም ቱቦ የምንለው ቱቦ። እነዚህን ለጊዜው ተያቸው። የምናወራው በእነሱም አጻጻፍ ፊደል በፊደል አንድ ስለሆኑት ነው።

አንቺ ይህን ነገር ከስፓኒሽ ጋር የመጣ አዲስ ፈተና አድርገሽ አይተሽው ይሆናል። አይደለም። ከልጅነትሽ ጀምሮ በአማርኛ ስትሠሪው የኖርሽው ሥራ ነው። «ወንድሜ ሐኪም ነው» በይ፤ ይህን ወደ ኃላፊ ጊዜ ስትወስጂው «ሐኪም ነበር» ይሆናል። «ወንድሜ እቤት አለ» በይ፤ ይህም ወደ ኃላፊ ሲሄድ «እቤት ነበር» ይሆናል። «ነው» እና «አለ» ሁለት የተለያዩ ግሦች ናቸው፣ በድምፅም በሥራም አይገናኙም፤ ትናንት ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም «ነበር» ውስጥ ይገባሉ። «ነበር» ሲባል የቱ ነው ብለሽ ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ? ከፊቱ ያለው ቃል «ሐኪም» ከሆነ የመጀመሪያው፣ «እቤት» ከሆነ ሁለተኛው መሆኑን ሳታስቢው ታውቂዋለሽ። የስፓኒሹ «ፍዌ»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ ላይ የተለያዩ ሁለት ግሦች፣ «ሴር» (መሆን) እና «ኢር» (መሄድ)፣ ባለቀ ድርጊት ላይ አንድ ልብስ ይለብሳሉ፤ ፍዊ፣ ፍዊስቴ፣ ፍዌ፣ ፍዊሞስ፣ ፍዊስቴይስ፣ ፍዌሮን። አንዲት ፊደል እንኳ አይለያዩም።

ይህ እንዴት ሆነ? ስፓኒሽ የላቲን ልጅ ነው። በላቲን «ፉዊ» ማለት «ነበርኩ» ነው እንጂ «ሄድኩ» አልነበረም። ለመሄድ ራሱን የቻለ ግስ ነበረ፤ የኃላፊ ጊዜው ቃል ግን በጣም አጭር ነበር፣ ከአንድ ሁለት አናባቢ የማይበልጥ፤ በሰው አፍ እየተሸረሸረ ጠፋ። ቦታውን የያዘው «ነበርኩ» ነው። የማይመስል ዝላይ ነው ካልሽ አማርኛሽን ስሚው። «ትናንት የት ነበርሽ?» ብትባዪ «ገበያ ነበርኩ» ትያለሽ። «ገበያ ሄጄ ነበር» ማለትሽ እንደሆነ የጠየቀሽ ሰው ያውቃል። አንድ ቦታ የነበረ ሰው ወደዚያ ሄዷልና። ይህ አነጋገር በአይቤሪያ ምድር እየጸና ሄዶ «ነበርኩ» ሙሉ በሙሉ «ሄድኩ» ሆነ። ለዚህ ነው የፖርቱጋል ቋንቋም ያንኑ አንድ ቃል ለሁለቱ የሚጠቀመው።

እንዲያውም «ኢር» የሦስት የላቲን ግሦች ቁርጥራጭ ነው። «ቦይ፣ ባስ፣ ባ» (እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል) ከአንዱ፣ «ኢባ» (ይሄድ ነበር) ከሌላው፣ «ፍዊ» ከሦስተኛው። እኛስ «መጣ» ብለን ስናዝ «ና» አይደል የምንለው? ሥራ የበዛበት ግስ በየቋንቋው የተጣጣፈ ነው።

«ነበር»ን ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም፤ ለተማሪዎቼ ስነግር ሁሌም ደስ ይለኛል። በግዕዝ «ነበረ» ማለት «ተቀመጠ» ነው፤ መንበር፣ ወንበር የምንለው ከዚያ ነው የመጣው። የስፓኒሹ «ሴር»ም ንኡስ አንቀጹ የመጣው በላቲን «መቀመጥ» ከሚለው ግስ ነው። እኛም እነሱም «መሆን»ን የገነባነው ከወንበር ላይ ተነስተን ነው።

አሁን ወደ መለያው። ከ«ፍዌ» በኋላ የመጣውን ቃል እዪ። «አ» የምትባለው መስተዋድድ ከተከተለችውና ከእሷ በኋላ ቦታ ወይም ሌላ ግስ ካለ ሄደ ነው፤ «ፍዌ አ ኢታሊያ»፣ «ፍዌ አ ኮምፕራር ፓን» (ዳቦ ሊገዛ ሄደ)። ስም ወይም ቅጽል ከተከተለው ነበር ነው፤ «ፍዌ ሶልዳዶ»፣ «ፍዌ ፌሊስ»። የስፔኑ ደራሲ ሴርቫንቴስ ወታደር ነበር፤ በ1569 ወደ ኢታሊያ ሄዶ፣ በ1571 ሌፓንቶ ላይ በተደረገው የባሕር ጦርነት ግራ እጁን ቆሰለ። የመጽሐፍሽ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም በአንድ እስትንፋስ ማለቱ ተማሪ ለማወናበድ አይደለም፤ ስፔኖች እንዲሁ ነው የሚናገሩት።

«ኤን» ስትመጣ ግን ተጠንቀቂ። «ላ ፊየስታ ፍዌ ኤን ቶሌዶ» ማለት «በዓሉ የተደረገው ቶሌዶ ነው» ማለት ነው፤ በዓል አይሄድም። «አና ፍዌ አ ቶሌዶ» ደግሞ አና ሄደች። አንዲት መስተዋድድ ሙሉውን ትርጉም ትገለብጠዋለች፤ ፈተና አውጪዎችም ይህችን ይወዷታል። «ሴ ፍዌ» ካለ ደግሞ ጥርጥር የለውም፤ ተነስቶ ሄደ፣ ጥሎ ሄደ። «ፖር» ስትከተል ግን ሁለቱም ይቻላሉ፤ «ፍዌ ፖር ፓን» ዳቦ ሊያመጣ ሄደ፣ «ፍዌ ፖር ቲ» በአንተ ምክንያት ነበር። እዚህ ላይ ሕግ አያድንሽም፤ የወሬውን ፈለግ ነው የምትከተዪው።

ሕግ የማያድንበትን ቦታ እኔ በልጅነቴ ነው ያየሁት። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነኝ። ያደግነው ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ፣ የወጣቶች ደሴት በሚሏት ቦታ ነው፤ ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቶሮንኻ የሚባለውን ትልቅ መራራ ፍሬ እንለቅማለን። ስፓኒሽ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። አንድ ቀን ከእርሻው ስንመለስ ለክፍሉ ውኃ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ባልዲውን በሩ ሥር አስቀምጬ ገባሁ። መምህሯ ተከትላ ገባችና ክፍሉን በዓይኗ ዞር ዞር ብላ አይታ «ኪየን ፍዌ?» አለች። እኔ የሰማሁት «ማን ሄደ?» ነው። ውኃውን ማን እንዳመጣ ልታመሰግን የጠየቀች መስሎኝ እጄን አውጥቼ «ፍዊ ዮ!» አልኩ። እኔ ሄድኩ ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው «እኔ ነኝ» ነው። ከኋላዬ የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ ነበር፤ እኔ ልብ አላልኩትም። ያን እሑድ ሌሎቹ ባሕር ሲወርዱ እኔ የመኝታ ክፍሉን ወለል ሳጥብ ዋልኩ፤ ምን እንዳጠፋሁም አላወቅኩም። ማታ ከእኔ ቀድሞ የመጣ የጎጃም ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ «ማን ሄደ አላለችም እኮ፤ ማን ነው ነው ያለችው» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ኪየን ፍዌ?» ብቻውን ሲመጣ ጥፋተኛ እየተፈለገ እንደሆነ አልስተውም። የሄደውን ሰው መጠየቅ ብትፈልግ ኖሮ መድረሻውን ትጨምር ነበር፤ «ኪየን ፍዌ አ ቡስካር አጓ?»፣ ውኃ ሊያመጣ የሄደው ማን ነው?

ሁለቱ ግሦች የሚጣበቁት ባለቀ ድርጊትና እሱን ተከትሎ በሚመጣው ምኞት ላይ ብቻ መሆኑንም እወቂ። በሚቀጥል ወይም በሚደጋገም ኃላፊ ጊዜ ይለያያሉ፤ «ኤራ» ነበር ነው፣ «ኢባ» ይሄድ ነበር። በዘንድ አንቀጽ ግን፣ ማለትም ሱብኹንቲቦ በሚሉት፣ እንደገና ተገናኝተው «ፍዌራ» ይሆናሉ፤ ያች ቃል ላይ ደግሞ «ውጭ» የሚል ሦስተኛ ትርጉም ይጨመርባታል። የቆየ መጽሐፍ ስታነቢ «ፍዌ» ላይ ጭረት ተደርጎበት ካየሽ ሌላ ቃል ነው ብለሽ አትደናገጪ። ድሮ በጭረት ነበር የሚጻፈው፤ የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ በ1952 ያወጣውና በ1959 ግዴታ የሆነው ደንብ ነው ያስቀረው። ጭረቱ የነበረውም ሁለቱን ለመለየት አልነበረም፤ በሁለቱም ላይ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ «ሜ ሲየንቶ»፣ ከዚህ ይለያል። «ፍዌ» የታሪክ አጋጣሚ ነው፤ ይህኛው ግን ከግሥ አረባቡ ራሱ የሚወለድ ነው፤ ስለዚህ ሕጉን ከያዝሽው በደርዘን የሚቆጠሩ ጥንዶችን በአንድ ጊዜ ትፈቺበታለሽ።

«ሴንቲር» መሰማት ነው፣ «ሴንታር» ማስቀመጥ። ሁለቱም ሲረቡ መካከላቸው ወደ «ሲየን» ይለወጣል፤ በአንደኛ መደብ ደግሞ ሁሉም መደበኛ ግስ በ«ኦ» ስለሚያልቅ ሁለቱም «ሲየንቶ» ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ይለያያሉ፤ ይሰማዋል «ሲየንቴ»፣ ያስቀምጣል «ሲየንታ»። እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ግን በስፓኒሽ በ«አር» የሚያልቅ ግስ በተራ ንግግር «አ» ይይዝና በዘንድ አንቀጽ ወደ «ኤ» ይዞራል፤ በ«ኤር»ና በ«ኢር» የሚያልቀው ደግሞ በተራ ንግግር «ኤ» ይይዝና በዘንድ አንቀጽ ወደ «አ» ይዞራል። መንታ ግሦቹ ስለዚህ ይሻገራሉ። «ሲየንቴ» ማለት «ይሰማዋል» ነው፤ ያው ቃል «እንዲያስቀምጥ»ም ነው። «ሲየንታ» ማለት «ያስቀምጣል» ነው፤ ያው ቃል «እንዲሰማው»ም ነው። አንዱ በተራ ጊዜ የሚለብሰውን ሌላው በምኞት ጊዜ ይለብሰዋል።

ለ«ኡስቴድ»፣ እኛ እርስዎ ለምንለው፣ ትእዛዝ የሚሰጠው በዚሁ በዘንድ አንቀጽ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ስትገቢ «ሲየንቴሴ» ሲልሽ «ይቀመጡ» ማለቱ ነው፤ ከተቀመጥሽ በኋላ «ኮሞ ሴ ሲየንቴ?» ሲልሽ «ምን ይሰማዎታል?» ማለቱ ነው። ሁለቱም ውስጥ «ሲየንቴ» እና «ሴ» አሉ። ልዩነቱ «ሴ» ከኋላ ስትለጠፍ ትእዛዝ፣ ከፊት ለብቻዋ ስትቆም ተራ ንግግር መሆኗ ነው። ሰው ቤት ገብተሽ «ሲየንታሴ ኮሞ ኤን ሱ ካሳ» ካሉሽ ደግሞ «ይቀመጡ» አይደለም፤ «እንደ ቤትዎ ይሰማዎት፣ ቤትዎ ነው» ማለታቸው ነው። በአንድ አናባቢ መቀመጥ ወደ መሰማት ተሻገረ።

አንቺ «ሜ ሲየንቶ» ስትዪ የሚለየው ቀጥሎ የምታስገቢው ቃል ነው። «ማል»፣ «ቢየን»፣ «ካንሳዳ» (ደክሞኛል) ካልሽ ስሜት ነው። «አኪ»፣ «ኤን ላ ሲያ» ካልሽ መቀመጥ ነው። ሐኪም ፊት «ሜ ሲየንቶ» ብለሽ ብታቆሚ ግን ወንበር የጠየቅሽ ነው የሚመስለው፤ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሺው። «ሜ ሲየንቶ ሶላ» የሚለው ብቻ ነው በእውነት የሚከብደው፤ «ብቸኝነት ይሰማኛል»ም «ብቻዬን እቀመጣለሁ»ም ይሆናል። የሚያውቅሽ ሰው ፊትሽን አይቶ ይለየዋል። በሥራሽ ላይ ደግሞ «ሲየንቶ አ ላ ሴኞራ ኤን ላ ሲያ» ትያለሽ፤ ሴትየዋን ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ። «ሜ» የለችበትም፤ የምታስቀምጪው ራስሽን አይደለምና። «ሎ ሲየንቶ» ብለሽ ይቅርታ ስትጠይቂ ደግሞ ቃል በቃሉ «ይሰማኛል» እያልሽ ነው፣ ያዘንሽበት ነገር ተሰምቶሽ።

በዚሁ ሕግ «ክሬኦ» አምናለሁም እፈጥራለሁም ነው፤ «ክሬኤር» ማመን፣ «ክሬአር» መፍጠር። «ክሬኤ» ያምናል ነው፣ ወይም እንዲፈጥር፤ «ክሬአ» ይፈጥራል ነው፣ ወይም እንዲያምን። «ክሬኦ ኬ...» ካለ ሁልጊዜ ማመን ነው፤ «...ይመስለኛል»። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች መንገድ ላይ ቀዩ የማቆሚያ ምልክት «ፓሬ» ይላል፣ ቁሙ ማለት ነው፤ ያው ቃል ከሌላ ግስ ሲመጣ «ትወልዳለች» ነው። ማንም ሾፌር አይሳሳትም። ቃሉ የቆመበት ቦታ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል።

ከሥራሽ ጋር የሚገናኝ ሌላ ጥንድ አለ፤ ባትጠይቂኝም ልጨምርልሽ። «ቤር» ማየት ነው፣ «ቤስቲር» ማልበስ። ጠዋት ጠዋት «ቢስቶ አ ላ ሴኞራ» ትያለሽ፤ ሴትየዋን አለብሳታለሁ። «ኤ» የምትባለውን ረዳት ከፊቱ ጨምሪና «ኤ ቢስቶ አ ላ ሴኞራ» በዪ፤ አሁን «ሴትየዋን አይቻታለሁ» ሆነ። ልጇ ደውላ «ቢስቴ አ ሚ ማድሬ?» ካለችሽ «እናቴን አየሻት?» ነው። ለሦስተኛ ሰው ስለ አንቺ እያወራች «ቢስቴ አ ሚ ማድሬ» ካለች ግን «እናቴን ታለብሳታለች» ነው። አንዲት ፊደል ወይም ጭረት አይለያቸውም። ማን ለማን እያወራ እንደሆነ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ኅብረ ቃል የቅኔ ተማሪ ቢያገኘው እንደ ወርቅ ነው የሚያየው፤ አንቺ ግን ሥራ ላይ ነሽና የሚያዋጣሽ ተናጋሪዋን መመልከት ነው።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልለፍ። «ቤ» ሂጂ ነው፣ ያያልም ነው፣ እዪም ነው፤ «ቤ አ ቤር» ሂጂና እዪ። «ቤን» ነዪ ነው፣ ያያሉም። «ዲ» ሰጠሁ ነው፣ ተናገሪም። «ሴ» ከነጭረቷ አውቃለሁ ነው፣ ሁኚም። «ቢኖ» መጣ ነው፣ የወይን ጠጅም። «ኮሞ» እበላለሁ ነው፣ እንደም። «ናዳ» ይዋኛል ነው፣ ምንምም። «ፓራ» ያቆማል ነው፣ ለ...ም። እነዚህን አትሸምድጂ። ግሡ አድራጊ አለው፣ ስሙ ከፊቱ «ኤል» ወይም «ላ» ይይዛል፣ መስተዋድዱ ከኋላው ሌላ ቃል ይጎትታል፤ ጥቂት ጊዜ ካነበብሽ ዓይንሽ ራሱ ይለምደዋል።

ሌላ የሚያስቸግረው ባለቤቱ ነው። «ትራባኻባ» ማለት «እሠራ ነበር»ም «ይሠራ ነበር»ም ነው። በዘንድ አንቀጽም እንዲሁ፤ እኔና እሱ አንድ ዓይነት ነን። ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። ለወንድ «ስትሄድ» ብትዪ «አንተ ስትሄድ»ም «እሷ ስትሄድ»ም ይሆናል፤ «አትሄድም»ም እንደዚሁ ለሁለቱም ነው። እኛ ግራ ሲያጋባ «አንተ» ወይም «እሷ» እንጨምራለን። ስፔኖችም ሌላ ጊዜ የሚያስቀሩትን ተውላጠ ስም እዚህ ላይ ይጨምራሉ፤ «ዮ ትራባኻባ»። በፈተናው የጽሑፍ ክፍል ስለ ራስሽና ስለ ሌላ ሰው በአንድ አንቀጽ ስትጽፊ «ዮ»ን አትሰስቺ።

ጭረቷን ደግሞ አደራ። ስፔኖች «ቲልዴ» ይሏታል፣ ድምፁ የሚጠነክርበትን ቦታ የምታሳይ ናት። «ቴርሚኖ» የሚለው ቃል ከፊት ሲጠነክር ወሰን ወይም ቃል፣ ከመካከል ሲጠነክር እጨርሳለሁ፣ ከመጨረሻ ሲጠነክር ጨረሰ ነው። ጭረቷ በትክክል ስትጻፍ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስልክ ላይ ግን ብዙ ሰው ጭረት አይጽፍም፤ ያኔ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ይህንንም በደንብ ታውቂዋለሽ። «ይበላል» ብለን ስንጽፍ ላልቶ ከተነበበ ሰውየው ይበላል፣ «በ» ከጠበቀ እንጀራው ይበላል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ሰፊው፣ «ፊ» ስትጠብቅ ሰፊ ሜዳ። ፊደላችን ማጥበቂያ ሳይጽፍ ለዘመናት ተነቧል፤ አንባቢው ነው ከራሱ የሚሞላው። አንቺ ያንን የምትሞዪ አንባቢ ነሽ፤ ስፓኒሽ ላይም የሚፈለግብሽ ከዚያ አይበልጥም። ስትጽፊ ግን ጭረቷን አስቀምጪ፤ በፈተና ላይ «አብሎ» ያለ ጭረት «እናገራለሁ»፣ በጭረት «ተናገረ» ነውና ነጥብ ያስጥላል።

አሁን ወደ ደመወዝሽ። በ«አር» እና በ«ኢር» በሚያልቁ ግሦች «እኛ» በአሁንና በኃላፊ ጊዜ አንድ ናት። «አብላሞስ» እንነጋገራለን ነው፣ ተነጋገርንም። «ቢቢሞስ» እንኖራለን ነው፣ ኖርንም። በ«ኤር» የሚያልቁት ብቻ ይለያሉ፤ «ኮሜሞስ» እንበላለን፣ «ኮሚሞስ» በላን። ብዙ ጊዜ የሚለየው በጊዜ ቃል ነው፤ «አዬር አብላሞስ» ትናንት ተነጋገርን፣ «ሲየምፕሬ አብላሞስ» ሁልጊዜ እንነጋገራለን።

የአንቺ መልእክት ላይ ግን የጊዜ ቃል የለም፣ ብቻውን ነው የቆመው። እንዲህ ብቻውን በመልእክት መጨረሻ የሚመጣ «አብላሞስ» በስፔን የተለመደ መሰናበቻ ነው፤ «እንነጋገራለን፣ እንደዋወላለን» ማለት ነው። «ኖስ ቤሞስ» ብለው ሲለያዩሽ «እንተያያለን» እንደሚሉሽ ማለት ነው። የአሁን ጊዜ ግስ ሆኖ የሚናገረው ስለሚመጣው ነው። የእኛም «እንነጋገራለን» እኮ አሁንም ነው፣ ወደፊትም ነው። ሴትየዋ «ይህን ነገር ቀደም ብለን ጨርሰነዋል» ማለት ብትፈልግ ኖሮ በቫሌንሲያ አነጋገር «ያ ሎ ኤሞስ አብላዶ» ትልሽ ነበር፤ ወይም ቢያንስ «ያ» (ቀድሞውኑ) የምትለውን ትጨምር ነበር። «ያ» የለም፣ «ኤሞስ» የለም። ስለዚህ በሩን አልዘጋችም።

ቀን ግን አልቆረጠችም፤ ቀን የሌለው «አብላሞስ» ደግሞ ሳምንት ሳምንትን እየወለደ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ያንኑ የራሷን ቃል መልሰሽ፣ ቀንና ጉዳይ ጨምረሽበት ጻፊላት፤ «ዴ አኩዌርዶ። አብላሞስ ኤል ሳባዶ ኬ ቢየኔ ዴ ሚ ስዌልዶ?» እሺ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ስለ ደመወዜ እንነጋገር? ማለት ነው። ጥያቄ ምልክቷን ከፊትም ከኋላም አድርጊ፤ ስፓኒሽ ላይ ከፊት የምትመጣዋ ተገልብጣ ነው የምትጻፈው። «ኬ ቢየኔ» (የሚመጣው) ስላለ ቃሉ በኃላፊ ጊዜ ሊነበብ አይችልም፤ ገና ያልተነጋገራችሁ መሆኑም በጽሑፍ ይቀመጥልሻል። «ዴ ሚ ስዌልዶ» የምትለዋን አፍረሽ አትተያት።